በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ

መዝገቤ ሰፊ ነው፣ በቀይ የተሰመረ፤
የተከተበ ሕፃን፣ ሳይከተብ የቀረ፣
ጉድጓድ የቆፈረ፣ አጎበር የሰቀለ፣
ወባ አንዘፍዝፎት ማሳ ዳር የዋለ፤
ለሁሉም ቦታ አለው።
ለአንድ ነገር ግን የለውም፤
ከዞን ታትሞ የመጣው ቅጽ ኩርፊያን አያውቀውም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣
ብር ወንዝ ጠግቦ ሞልቶ ድልድዩን ሲልስ፣
የልየውን ሚስት፣ የዝናን፣ ምጥ ያዛት፤
ቀኑ አልደረሰም ነበር፣ በሌሊት ቀደማት።

ጎረቤቱ ቢተው ነው። ሃያ እርምጃ፤ ለክቼዋለሁ።
መሐላቸው አንድ ትልም፤ እሱንም አይቼዋለሁ፤
ስንዝር ከግማሽ ቢሆን ነው፣ ጤፍ እንኳ አያበቅልም፤
በእሱ ሰበብ ሦስት ክረምት «እንዴት አደርህ» የለም።
የቢተው አባት ሲሞት ልየው አልቀበረም፤
እድሩ ስሙን ሲሰርዝም
«ይሰረዝ» አለ እንጂ አልተከራከረም።

ቃሬዛው ደግሞ ያለው ከቢተው በረት ጣራ ሥር፣
ባሕር ዛፍና ጠፍር፤
ስንቱን ፍኖተ ሰላም አድርሶ መልሷል፣
ስንቱንም ሳያደርስ ከመንገድ ተመልሷል።

ልየው አልተጣራም።
ሚስቱን አዝሎ ወጣ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፣
ጎህ ሲቀድ ደረሱ። እሷን አተረፏት።
ልጁን ግን...
ሐኪሙ ምክንያቱን ሲጽፍ «መዘግየት» አለ፤
እኔም መዝገቤ ላይ ገለበጥኩት፣ እንዳለ።

በመስከረም አጎበር ልቆጥር ቢተው ቤት ገባሁ።
ሳልጠይቀው ጀመረ፦ «ያን ሌሊት ሰማሁ።
የምጧ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ።
ባትሪ አበራሁ፣ ቃሬዛውን አወረድኩ፣
ሁለቱን ልጆቼን ቀስቅሼ ደጃፌ ላይ ቆምኩ።
‹ቢተው› ቢለኝ ነበር። አንዴ። በቁጣም ቢሆን።
ሳይጠሩኝ እንዴት ልሂድ?
ዝናቡ ጠፍሩን አራሰው፤ እኔም እዚያው ነጋብኝ።»

ልየውም መብራቱን አይቶታል፤ በኋላ ነገረኝ፦
«ሊስቅብኝ የወጣ መሰለኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየቤቱ፣ ጥያቄው ሁሉ ሲያልቅ፣
ከቅጹ የሌለች አንዲት አለችኝ የምጠይቅ፦
«በሌሊት ቢብስባችሁ ማንን ትጠራላችሁ?»
መልሱን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ።

አንዷ አሥራ አንድ ስም ጠርታ ጣት አለቀባት፤
አዲሱ አስተማሪ «ስልኬን» አለ፣ ኔትወርክ በሌለበት።
ሸክላ ሠሪዋ እንጉዳይ ሳቀች፦
«እንስራ ሲሰበርባቸው ነው እኔን የሚጠሩኝ፤
እኔ ስሰበር ግን... እንጃ፤ አታስለፍልፊኝ።»
ከስሟ ትይዩ ባዶ ተውኩ።
ወባ ሲነሣ መጀመሪያ የምሄደው
ወደዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ተቆጣጣሪው መጥቶ «ይሄ ጭረት ምንድን ነው?
ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ አጥፊው» አለኝ።
ላጲስ የለኝም አልኩት። ነበረኝ።

ዘንድሮ ቢተውን ጠየቅሁት። ዝም አለ።
ከትልሙ ማዶ ልየው ጎንበስ ብሎ በሬ ይፈታል።
«ያው... ቅርቡ እሱ ነው» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
አገጩን ወደዚያ አድርጎ።
ስም አልጠራም። እኔም «እሱ» ብዬ ጻፍኩ፣ በስሱ፤
በቀለም አይደለም፣ ገና ነው።

ዛሬ ደግሞ የዝና፣ የዘንድሮዋን ሕፃን ስከትብላት፣
ልጅቱ ስታለቅስ ጡት እያጎረሰቻት፣
«አንቺስ?» አለችኝ፤ «ከቢቸና ድረስ መጥተሽ፣
በዚያ በቀበሌ ቤት ብቻሽን ተኝተሽ፣
በሌሊት ቢያምሽ?»

እርሳሴን ፈለግሁ።
ጆሮዬ ላይ ነበር።